አንድ ነጥብ ያለው ክዳን

ጥቅምት 9

ውድ የወንድሜ ልጅ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ብርዱስ እንዴት ይዞሻል? እኔና አባትሽ እግዜር ይመስገን አለን። እናትሽ ካረፈች ወዲህ ሁለት ሽማግሌ በአንድ ቤት ሲኖር ደህና የሚባለውን ያህል ደህና ነን፤ ጠዋት እሱ ይስላል፣ ማታ እኔ እስላለሁ፣ እንዲህ እያለ ቀኑ ይመሻል። ሥራሽን ያቅናልሽ፣ በሄድሽበት አገር ሰው አያሳጣሽ።

የጻፍኩልሽ ስለ አሮጊቷ ነው። ትራክተራችንን ማለቴ ነው እንጂ ጎረቤታችንን አይደለም፤ እሷማ ከሁላችንም ትበረታለች። በክረምቱ መጨረሻ ዱቄት የጫነ መኪና ከወንዙ መሻገሪያ ስትጎትት ከሆዷ አንድ የማያምር የብረት ድምፅ ወጣና ቀጥ ብላ ቆመች። አባትሽ ማንንም ሳያስነካ ሞተሯን ራሱ ፈታ። እስከ መጨረሻዋ ብሎን ድረስ ፈታትቶ፣ አጥቦ፣ በጨርቅ ላይ ደረደራት። ከዚያ ትንሽ ስለደከመው መግጠሙን እኔ ተረክቤያለሁ።

የሚያስፈልገኝ ብሮንዚን ነው። አባትሽ አስተምሮሽ ይሆናል፤ ካላስተማረሽ እኔ ልንገርሽ። የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ ክራንክ ሻፍቱ፣ የሚሽከረከርባቸው አምስት ወንበሮች አሉ። በየወንበሩ ላይ ግማሽ ክብ የሆነ ስስ ብረት ይነጠፋል፤ ብሮንዚን የምንለው እሱን ነው። በላዩ ክዳን ይደፋና በብሎን ይታሰራል። የኛዎቹ ተበልተው ወረቀት መስለዋል። ክራንኩን ከተማ ወስጄ አስላጭቼው ትንሽ ቀጥኗል፤ ስለዚህ ከፋብሪካው አንድ ደረጃ ወፈር ያለ ፈልጊልኝ። ቁጥሩን በሌላው ገጽ ጽፌዋለሁ። እዚህ ብጠይቅ ሻጮቹ ሳቁብኝ።

ዝናብ ሳይገባ መነሳት አለባት። መሻገሪያው ሲጨቀይ ሾፌር ሁሉ «አሮጊቷስ?» እያለ መምጣቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ደግሞ አባትሽ መቀመጫዋ ላይ ካልተቀመጠ ምኑን ሰው ሆነ?

እሱም ሰላም ብሎሻል።

ብሎን የሚሉኝ አጎትሽ

•

ኅዳር 14

የተከበሩ ጋሼ፣

እንደምን ከርመዋል? እድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ ሳሉንም ያንሳልዎ። እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ደህና ማለት እግር ያብጣል፣ ወገብ ይቆረጣል፣ ጠዋት ግን ይነሳሉ ማለት ነው። የምሠራበት የሽማግሌዎች መጦሪያ ቤት ውስጥ ሠላሳ ሁለት ሰው አለ። የሰው አባት ሳጥብ፣ የሰው አባት ሳበላ፣ የሰው አባት ሳስተኛ እውላለሁ።

ብሮንዚኑን አገኘሁት። የእረፍት ቀኔን ይዤ በሁለት አውቶቡስ ሄጄ የአሮጌ ትራክተር ዕቃ ብቻ የሚሸጥ ሰውዬ ዘንድ ደረስኩ። መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ፣ ከደንበኛ ይልቅ ዕቃውን የሚወድ ሰው ነው። ቁጥሩን ሲያይ «ይህች ሞተር ዛሬም ትሠራለች?» አለኝ። «ትጎትታለች» አልኩት። ከመደርደሪያው ጥግ አቧራ የጠጣ ካርቶን አወጣ፣ እያንዳንዷን በመለኪያ ለካ፣ በሰም ወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ። አብራኝ የምትሠራ ሴት ወደዚያ ስለምትመጣ በእጅዋ ልኬዋለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አባዬ ደብዳቤ በተጻፈ ቁጥር ከታች አንዲት መስመር ይጨምር ነበር። «ካልሲ ደርቢ» ይላል፣ ወይም «ዛሬ ሦስት መኪና አወጣን» ይላል፤ ከዚያ በላይ ጽፎ አያውቅም። በዚህኛው ደብዳቤ ያ ቦታ ባዶ ነው። ድልድዩ ጋ ወዳለው ሱቅ ደውዬ አባዬን አቅርቡልኝ ብልም እርስዎ መጥተው ተኝቷል አሉኝ። በጠራራ ፀሐይ አባዬ ሲተኛ አላውቅም።

ለማንኛውም ይበርቱ። እሱንም ያበርቱልኝ።

ልጅዎ

•

ታኅሣሥ 20

ውድ የወንድሜ ልጅ፣

ያሰብሽው ይሳካልሽ፣ እግርሽንም ይፈውስልሽ። ዕቃው በደህና ደርሷል። ልጅቷ ወፍራም ኮት ለብሳ በፀሐይ እየተቃጠለች አመጣችልኝ፤ ለክፉ አይስጣት።

ግን ልጄ፣ ሥራው አልሰመረም። ደክሞኛል፤ ቢሆንም እንደሆነው ልንገርሽ። አምስቱንም ብሮንዚን አነጠፍኩ፣ ዘይት ቀባሁ፣ ክራንኩን አስተኛሁ፣ ክዳኖቹን ደፋሁ። የሁለቱ ጫፍና የመሃሉ ክዳኖች ቅርጻቸው ለየብቻ ስለሆነ አያሳስቱም። ሁለተኛውና አራተኛው ግን መንታ ናቸው፤ የወለደቻቸውም አትለያቸው፤ ቢመሳሰሉም እያንዳንዱ የሚገጥመው ለራሱ ወንበር ብቻ ነው። ስለዚህ አባትሽ ሲፈታ አንዱን ክዳን በሹል ብረት አንድ ነጥብ፣ ሌላውን ሁለት ነጥብ ወግቶታል። እኔም እንደማንኛውም መካኒክ ከማራገቢያው በኩል ቆጥሬ፣ አንድ ነጥብ ያለውን ከፊት፣ ሁለት ነጥብ ያለውን ከኋላ አሰርኩ።

ሳጠብቃቸው ክራንኩ ደረቀ። በብረት ዘንግ ብወዘውዘው ንቅንቅ የለም። መንታዎቹን ሳላላ ይዞራል፣ ሳጠብቃቸው ይቆልፋል። ሰባት ጊዜ ፈትቼ ሰባት ጊዜ አሰርኩ። እንግዲህ የላክሽው ብሮንዚን ለእነዚያ ሁለት ቦታዎች ወፍሯል ማለት ነው። ያ መነጽር ያንጠለጠለ ሰውዬ አታሎሻል። ሄደሽ ሌላ አምጪ፤ ቀጠን ያለ ይሁን።

አሮጌ ብረት ገዢው ደግሞ መምጣት አብዝቷል። አሮጊቷን ዞሮ ዞሮ ያያትና በዓይኑ ይመዝናታል። እኔም እንደ ድሮው አላባርረውም።

አባትሽ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ያየኛል። አሮጊቷ ያለችበትን የሼድ በር መቆለፍ ጀምሬያለሁ፤ የሚገባና የሚወጣው በዛ። ስትደውዪ ያላገኘሽው መድኃኒት ነገር ወስዶ እንቅልፍ ስለሚጥለው ነው። አታስቢ።

አጎትሽ

•

ጥር 11

ጋሼ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

ሰውዬው አላታለለኝም። ደብዳቤዎን ይዤ ተመልሼ ሄድኩ። ከእነዚያ ጋር አንድ ላይ የመጡትን የቀሩትን ብሮንዚኖች ከካርቶኑ አውጥቶ ፊቴ ለካቸው። ሁሉም አንድ ውፍረት ናቸው፤ በወረቀት ላይ ጽፎ ፈርሞ ሰጠኝ። ተቀየመኝም። «ብሮንዚኑን ከመስደብዎ በፊት እጅዎን ይዩ ብለሽ ንገሪያቸው» አለ። የእሱ ቃል ነው፤ የእኔ አይደለም።

ሌላ ብሮንዚን አልልክም። ስለ ሞተር ሌላ ደብዳቤም አላነብም። መጀመሪያ አባቴን።

እኔ የምሠራበት ቤት ዘመዶች ይደውላሉ። እኛ «ደህና ናቸው፣ ተኝተዋል» እንላለን። መቼ እንደምንለው አውቃለሁ ጋሼ። መድኃኒት ነገር፣ በርጩማ፣ የተቆለፈ በር። ማንን ነው የቆለፉበት?

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። በእኔ ላይ አይሁን። አባቴ ምን ሆነ?

ልጅዎ

•

ጥር 28

ልጄ፣

ዛሬ የምመርቅበት አፍ የለኝም።

ዝም አይነቅዝም ብዬ ነበር የያዝኩት። ለካ ይነቅዛል።

መስከረም ከገባ በሁለተኛው ሳምንት ነው። አባትሽ ክዳኖቹን ወግቶ፣ ሁሉንም ፈታትቶና አጥቦ ደርድሮ ከሞተሩ አጠገብ ሲነሳ ወደቀ። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አልታዘዝ አሉት፤ አፉ ተያዘ። ሐኪሙ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሷል አለ። አሁን በምርኩዝ ይራመዳል። እጁ ግን አልተመለሰም። ከአፉ የሚወጣው «እ» እና «አይ» ብቻ ነው። መጻፍም እንቢ ብሎታል፤ ብዕር ስሰጠው ያየውና ይመልስልኛል።

ያልነገርኩሽ ሥራሽን ጥለሽ እንዳትመጪ፣ መምጣት ባትችዪ ደግሞ እዚያው እንዳትቃጠዪ ብዬ ነው። ይህ ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ ፍርሃት ነው። ነገ ሲሻለው እነግራታለሁ አልኩ፤ ነገ ሌላ ነገ እየወለደ ጥር ደረሰ።

ከአካሉ ይልቅ የሚያስለቅሰኝ አእምሮው ነው። ክዳኖቹን ባሰርኩ በማግስቱ ስገባ፣ በግራ እጁ መንታዎቹን ፈትቶ አንዱን በሌላው ቦታ ሊደፋ ሲታገል አገኘሁት። ራሱ የወጋውን ነጥብ እያሳየሁ «አንድ፣ ሁለት» ብዬ እንደ ሕፃን ቆጠርኩለት። «አይ!» አለ። በምርኩዙ የአሮጊቷን መቀመጫ ይደበድባል። መውጣት አምሮት ነው ብዬ ደግፌ አወጣሁት። እዚያ ላይ ተቀምጦ ወደ ሞተሩ እያየ አለቀሰ። እኔም አብሬው አለቀስኩ፤ ምን እንደሚያስለቅሰን ግን አልተነጋገርንም።

ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረገ። በሦስተኛው ጮህኩበት። ዕድሜዬን ሙሉ ቀና ብዬ አይቼው የማላውቀውን ታላቅ ወንድሜን «አርፈህ ተቀመጥ!» ብዬ ጮህኩበት። ከዚያ ወዲህ ነው ሼዱን የምቆልፈው። እሱ ከውጭ በርጩማው ላይ ይቀመጣል፤ በሩ ላይ ያለውን ጓጉንቸር ሲያይ ይውላል።

እንግዲህ ሁሉንም ልናገር። የካቲት ሲያልቅ ገዢው መኪናውን ይዞ መጥቶ አሮጊቷን እንዲወስዳት ቃል ሰጥቼዋለሁ። የማይነሳ ሞተር ለሚያየውም ሕመም ነው። ከፊቱ ብትወገድለት ይረሳታል ብዬ አሰብኩ።

ብትረግሚኝም ያንቺው ነኝ።

አጎትሽ

•

የካቲት 9

ጋሼ፣

ይህን ደብዳቤ በፈጣኑ ፖስታ ነው የምልከው። ከየካቲት መጨረሻ በፊት እንዲደርስ ለማን እንደምጸልይ ጠፍቶኛል።

መርገም አልችልበትም። ሁለት ቀን በጣም ተቆጣሁ፤ በሦስተኛው ደከመኝ። እኔም ብሆን ንጹሕ አይደለሁም። ያ የአባዬ ቦታ ባዶ የሆነ ቀን ልቤ አውቆታል። መልሱን ስለፈራሁ ነው በሁለት አውቶቡስ ሄጄ ብሮንዚን የፈለግኩት። ዕቃ መፈለግ ከመጠየቅ ይቀላል።

አሁን የምለውን ቀስ ብለው ያንብቡ።

እዚህ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አባዬን የያዘው ሕመም የያዛቸው አንድ ሽማግሌ አሉ። ቃል አይወጣቸውም። መጀመሪያ የገባሁ ሰሞን እንደ ሕፃን እያባበልኩ አበላቸው ነበር። አንድ ቀን ዳማ ሰሌዳ ፊታቸው ተቀመጠና ከእኔ ጀምሮ እስከ ሐኪሙ ድረስ ሁላችንንም አሸነፉን። ጋሼ፣ አፉ የተያዘ ሰው ሁሉ አእምሮው አልተያዘም።

አባዬ መቀመጫዋን የደበደበው ሊወጣባት አምሮት አይደለም። ሲነግርዎት ነው።

እርስዎ ከማራገቢያው በኩል ቆጠርኩ ብለዋል። መካኒክ እንደዚያ ይቆጥራል። አባዬ ግን መካኒክ ሆኖ አያውቅም፤ ሾፌር ነው። ስድስት ዓመቴ ሳለ ጭኑ ላይ አስቀምጦኝ በአሮጊቷ አፍንጫ ላይ እየጠቆመ የሞተሯን ክፍሎች በተራ ያስቆጥረኝ ነበር። እኔ ከሩቁ፣ ከማራገቢያው ስጀምር እጄን ይመልሰዋል። «አንደኛ ማለት ለእኔ የሚቀርበኝ ነው» ይላል። «ሾፌር ከተቀመጠበት ነው የሚቆጥረው፤ ሩቅ ያለው ተራውን ይጠብቅ።» «እንግዲያው እኔ ነኛ አንደኛ!» አልኩት፤ ጭኑ ላይ ነበርኩ። ሳቀና «አንቺማ ከቁጥሩም በፊት ነሽ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ግን በጠራኝ ቁጥር «አንደኛ» ይለኝ ነበር። እናቴ «የምን ደረጃ ነው?» እያለች ትስቅ ነበር።

አንድ ነጥብ ያለው ክዳን ለመቀመጫው የሚቀርበው ነው ጋሼ። እርስዎ ገልብጠውታል። እሱ ሲያስተካክል እርስዎ ሲመልሱበት ሁለት ወር አለፈ።

አሁን ግን ክዳኖቹን እንዳይነኳቸው። ጓጉንቸሩን ይክፈቱ። መፍቻውን ለአባዬ በግራ እጁ ይስጡትና እጅዎን አጣምረው ይቁሙ። ተሳስቼ ከሆነ ገዢው ይውሰዳት። ካልተሳሳትኩ ግን ወንድምዎን ይቅርታ መጠየቅ የእርስዎ ነው። በእኔ በኩል አይሆንም።

ልጅዎ

•

መጋቢት 21

ውድ ልጃችን፣

አሳቢ አያሳጣሽ። እጅሽ ይባረክ፣ ዓይንሽ አይፍዘዝ፣ የተናገርሽው ይሁንልሽ፤ ባለፈው ያስቀረሁትንም ምርቃት አብሬ ጨምሬልሻለሁ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ የካቲት 26 ነው። ገዢው በ30 ሊመጣ ነበር። ድልድዩ ጋ ቆሜ አነበብኩት፤ ባለሱቁ ደግሞ «ምነው ጋሼ ብሎን፣ ሰው ሞተ?» አለኝ። «የለም፣ የሞተ መስሎን የነበረ ሰው አለ» አልኩት። አልገባውም። እኔም ገና እየገባኝ ነበር።

ቤት ስደርስ አባትሽ በርጩማው ላይ ነው። ጓጉንቸሩን ከፈትኩ፣ መፍቻውን በግራ እጁ አስጨበጥኩት፣ እንዳልሽው እጄን አጣምሬ ቆምኩ። መጀመሪያ አላመነኝም። መፍቻውን ያያል፣ እኔን ያያል። እንደገና እጮህበት መስሎት ይሆናል። ያን ጊዜ መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

ከዚያ ጀመረ። አንድ እጅ ያለው ሰው ብሎን ሲፈታ ማየት ይከብዳል ልጄ። መፍቻው ሲያመልጠው ልያዝለት እልና አንቺን አስቤ እተወዋለሁ። በስንት ጊዜ መንታዎቹን አወለቃቸው። አንድ ነጥብ ያለውን በዓይኑ ለየ፣ በምርኩዙ መቀመጫዋን ነካ አደረገና ክዳኑን አንስቶ ወደ ኋላ በኩል ደፋው። ሁለት ነጥብ ያለውን ወደ ፊት። ሲያጠብቅ ግን ጉልበት አነሰው፤ መፍቻውን ለእኔ ዘርግቶ «እ» አለኝ። ያኔ ተቀበልኩት። እሱ በጣቱ እያሳየኝ፣ አንዱን ትንሽ፣ ሌላውን ትንሽ፣ በተራ አጠበቅኩ።

ክራንኩ በሁለት ጣቴ ዞረ። በሁለት ጣቴ! ሰባት ጊዜ በብረት ዘንግ የታገልኩት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው እኔ ነኝ፤ የራሴን ስህተት ፈርቼ ብሮንዚኑን ስሰድብ፣ ያንን ሰውዬ ስሰድብ፣ ወንድሜን ስቆልፍበት ከረምኩ። ለሰውዬው ይቅርታ በይልኝ። ለወንድሜ ራሴ ብያለሁ። ከሞተሩ አጠገብ ተንበርክኬ ነው የተናገርኩት፤ ግማሹ ለክብር፣ ግማሹ ጉልበቴ አልነሳ ብሎኝ። በግራ እጁ አናቴን መታኝ። ልጆች ሳለን መፍቻ ስጥልበት እንደሚመታኝ ነው የመታኝ። አላመመኝም፤ አለቀስኩ እንጂ።

ገዢው በቀኑ መጣ። ክራንኩን አዙሬ አሳየሁትና ሸኘሁት። ከዚያ ሦስት ሳምንት አብረን ሠራን። ፒስተኑን፣ የሞተሩን አናት ቴስታታውን፣ የናፍጣ ቧንቧውን፣ ሁሉንም እሱ ይጠቁማል፣ እኔ እታዘዛለሁ። ድሮ ሲናገር ይህን ያህል አልታዘዝኩትም። አሁን ከየትኛውም ወገን ብቆጥር መጀመሪያ ዓይኑን አያለሁ።

ትናንት ተነሳች። በአራተኛው ሙከራ ጥቁር ጭስ ተፋችብን፣ ዘጠኝ ጊዜ ሳለች፣ ከዚያ ያ የምታውቂው ድምፅዋ መጣ። ከታች ዘይት ታንጠባጥባለች፤ በዚህ ዕድሜ የማያንጠባጥብ ማን አለ? አባትሽን መቀመጫዋ ላይ ደግፌ አወጣሁት። ማርሽ ለመቀየር ፍሪሲዮን የሚረግጥበት እግር ግራው ነውና ደህና ነው። ቀኙ ግን ፍሬን አይረግጥም፤ ስለዚህ እኔ ጭቃ መከላከያው ላይ ተቀምጬ ፍሬኑን ያዝኩ። ሁለት ሽማግሌ አንድ ሾፌር ሆነን እስከ መሻገሪያው ሄደን ተመለስን። ምንም አልጎተትንም። ዝናቡ ገና ነው።

ልዋሽሽ አልችልም፤ ሐኪሙ ንግግሩ ይመለሳል አላለም። ድካሙም አለ። አንድ ሰዓት ሠርቶ ሁለት ሰዓት ይተኛል፤ አሁን ግን ተኝቷል ስልሽ ተኝቶ ነው።

ይህን ደብዳቤ ጨርሼ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ስለ ጭኑና ስለ «አንደኛ» የጻፍሽውንም እንደገና አነበብኩለት። ብዕሩን ሰጠሁትና ያንቺን መስመር ይጽፍልሽ እንደሆነ ጠየቅኩት። በግራ እጁ ተቀበለው። ከታች ያለውን ባዶ ቦታ አልነካውም። ወረቀቱን ወደ ራሱ ስቦ ከላይ ጀምሮ ፈለገ፣ ፈለገና፣ «ውድ ልጃችን» ከሚለው አጠገብ አንድ ነጥብ ወጋ። ሁለተኛ ይጨምራል ብዬ ጠበቅኩ። ብዕሩን መለሰልኝ።